ፊትን የሚያሳብጠው የአጥንት ሕመም ካንሰር አይደለም፤ የዓይን ክትትል ግን ይሻል

በደቡብ ወሎ ዞን ከሐይቅ ከተማ እስከ አምባሰል ተራሮች ባሉ ቀበሌዎች፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ገጠር ሁሉ፣ የአንድ ልጅ ፊት በአንድ ወገን ማበጥ ሲጀምር በቅድሚያ የሚጠረጠረው ምች፣ የጥርስ ሕመም ወይም የሰው ዓይን ነው። እብጠቱ የማያምና የማያተኩስ፣ የሚያድገውም ቀስ በቀስ ከሆነ ቤተሰቡ «ሲያድግ ይተወዋል» በሚል ዓመታትን ያሳልፋል። ጉንጩ እየሰፋ፣ አንደኛው ዓይን ከሌላው ወጣ ወይም ዝቅ እያለ ሲሄድ ግን ስጋቱ ወደ ካንሰር ይዞራል፤ ልጁም ፊቱን በነጠላ ወይም በሻሽ መሸፈን ይጀምራል።

እንዲህ ያለውን ለውጥ ከሚያስከትሉ ሕመሞች መካከል አንዱ በሕክምናው ዓለም «ፋይብረስ ዲስፕሌዥያ» በመባል የሚታወቀው የአጥንት ሕመም ነው። ሕመሙ ካንሰር አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከወላጅ ወደ ልጅም አይወረስም። ከሕሙማኑ ብዙዎቹ ከባድ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልጋቸው በሐኪም ክትትል ብቻ ሙሉ ዕድሜያቸውን መኖር ይችላሉ። ይሁን እንጂ ሕመሙ የራስ ቅልንና የፊት አጥንቶችን በሚይዝበት ጊዜ በጥቂቶቹ ላይ የማየት ነርቭን በመጫን የዓይን ብርሃንን ሊያሳጣ ይችላል። ይህ ጉዳት ደግሞ በጊዜው ካልተደረሰበት የማይመለስ በመሆኑ፣ ከፊቱ መልክ ይልቅ የዓይኑ ሁኔታ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል።

የሕመሙን ምንነት ለመረዳት በአካባቢው በእንጨትና በጭቃ የሚሠራውን የቤት ግድግዳ ማሰብ ይቻላል። ግድግዳው የሚጸናው ቋሚዎቹ በሥርዓት ቆመው፣ ማገሩ በልኩ ታስሮ፣ ጭቃውም በመካከሉ ሲሞላ ነው። ጤናማ አጥንትም በተመሳሳይ መንገድ ክብደትና ግፊት በሚያርፍበት አቅጣጫ የተደረደረ ውስጣዊ ማገር አለው። በፋይብረስ ዲስፕሌዥያ በተያዘው የአጥንት ክፍል ግን አጥንትን የሚሠሩት ሕዋሳት ሳይበስሉ ይቀራሉ። በጠንካራው አጥንት ፋንታ ጭረት የበዛበት ለስላሳ ሥጋ ይበቅላል፤ በውስጡም ያለ ሥርዓት የተበተኑ፣ ያልጠነከሩ ጥቃቅን የአጥንት ስባሪ መሰል ነገሮች ይገኛሉ። ማገሩ ያልታሰረ ግድግዳ ጭቃው ሲበዛበት እንደሚነፋ ሁሉ፣ አጥንቱም ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ይሰፋል። በእግር ወይም በጭን አጥንት ላይ ሲሆን መጉበጥንና ስብራትን ያስከትላል። የራስ ቅል አጥንት ግን ክብደት የሚሸከም ባለመሆኑ የሚያሳስበው ስብራቱ ሳይሆን መስፋቱ ነው።

የሕመሙ መነሻ በ20ኛው ክሮሞዞም ላይ በሚገኘውና «ጂኤንኤኤስ» ተብሎ በሚጠራው ዘረመል ላይ የሚከሰት ለውጥ መሆኑ ተረጋግጧል። ይህ ዘረመል የሚያዝዘው ፕሮቲን በሕዋሱ ውስጥ እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ያገለግላል፤ ለውጡ ሲደርስበት ግን ማብሪያው እንደበራ ይቀራል። ለውጡ የሚከሰተው ጽንሱ ከተፀነሰ በኋላ፣ ሕዋሳቱ በመባዛት ላይ እያሉ፣ ከእነዚያ ሕዋሳት መካከል በአንዲቱ ላይ ነው። ከዚያች ሕዋስ የሚራቡት ብቻ ለውጡን ይዘው ስለሚያድጉ፣ የአንድ ሰው ቀኝ ጉንጭ ታሞ ግራው ፍጹም ጤነኛ መሆኑ የሚያስገርም አይሆንም። ለውጡ በጽንሱ መጀመሪያ ላይ ከደረሰ ብዙ አጥንቶች ይያዛሉ፤ ዘግይቶ ከደረሰ አንድ አጥንት ብቻ ሊያዝ ይችላል። እናት በእርግዝናዋ ወቅት የበላችው፣ ያየችው ወይም የደነገጠችበት ነገር በዚህ ውስጥ ድርሻ የለውም። በሕመሙ የተያዘ ሰውም አግብቶ ቢወልድ ሕመሙን ለልጁ አያወርስም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በተለይ ለልጃገረዶች ከሕክምናው ባልተናነሰ ሁኔታ ሊነገር የሚገባው ነው፤ «ዘር ይዟት ይሆናል» የሚለው ሹክሹክታ ከእብጠቱ በፊት ትዳርን ያፈርሳልና።

ለሕመሙ ዛሬ የሚጠራበትን ስም የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1938 ሉዊስ ሊክተንስታይን የተባለው አሜሪካዊ የፓቶሎጂ ባለሙያ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1936 እና በ1937 ማክዩንና ኦልብራይት የተባሉት ሐኪሞች በየበኩላቸው የአጥንት ሕመም፣ የቆዳ ቀለም ለውጥና ያለ ዕድሜ የሚመጣ የጉርምስና ምልክት አንድ ላይ የታየባቸውን ልጆች ገልጸው ነበር። የዘረመሉ ለውጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ሕመሙ ግን ከስሙ እጅግ ይቀድማል። በክሮኤሺያ ክራፒና በተባለ ሥፍራ በተገኘና ከ120 ሺህ ዓመታት በላይ ዕድሜ ባለው የኒያንደርታል የጎን አጥንት ላይ የዚሁ ሕመም ምልክት መታየቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ሆኗል። የቅሪተ አካል ነገር ለማይርቀው ኢትዮጵያዊ አንባቢ፣ ሕመሙ የዘመን አመጣሽ ምግብም ሆነ የመድኃኒት ውጤት ላለመሆኑ ይህ አንድ ማስረጃ ነው።

ፋይብረስ ዲስፕሌዥያ ካንሰር ካልሆኑ የአጥንት ዕጢዎችና እብጠቶች መካከል ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ እንደሚይዝ በሕክምና ጽሑፎች ይገለጻል። ከሕሙማኑ አብዛኛዎቹ የሚያዙት በአንድ አጥንት ብቻ ነው። ብዙ አጥንቶች ሲያዙ ግን በቆዳ ላይ ቡና በወተት የመሰለ፣ በጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ጠቆር ብሎ የሚታይ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ ምልክት ሊኖር ይችላል። ሴት ልጅ በሕፃንነቷ የወር አበባ መሰል ደም ብታይ፣ ወይም ልጁ ከእኩዮቹ ተለይቶ ከመጠን በላይ ቢረዝም የዕጢ ሆርሞኖች መዛባታቸውን ስለሚያመለክት ለሐኪሙ ሊነገረው ይገባል። የእድገት ሆርሞን ከመጠን በላይ መመንጨት የፊት አጥንቱን እብጠት የሚያባብስና ለዓይንም አደጋውን የሚጨምር በመሆኑ ተለይቶ መታከም አለበት።

በራስ ቅል ላይ ሕመሙ አዘውትሮ የሚታየው በላይኛው መንጋጋ፣ በጉንጭና በግንባር አጥንቶች እንዲሁም በራስ ቅሉ ወለል ላይ ነው። በአፍንጫና በዓይን መካከል ያለው አጥንት እንደ ወንፊት የተበሳሳ ሲሆን፣ ከእርሱ በስተኋላ በራስ ቅሉ መካከል የሚገኘው ሌላው አጥንት ደግሞ ክንፉን የዘረጋ የሌሊት ወፍ ይመስላል። የዓይን ነርቮች ከዓይን ወደ አንጎል የሚያልፉት በዚህ ክንፍ መሰል አጥንት ውስጥ ባሉ ሁለት ጠባብ ቀዳዳዎች ነው።

እዚህ ላይ «ሳይነስ» ስለሚለው ቃል ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በከተማም ሆነ በገጠር «ሳይነስ አለብኝ» የሚል ሰው የሚናገረው ስለ ሕመም ነው። ሳይነስ ግን የሕመም ስም አይደለም፤ በጉንጭ፣ በግንባር፣ ከአፍንጫው ጎንና በስተኋላው ባሉ አጥንቶች ውስጥ የሚገኝ በአየር የተሞላ ባዶ ክፍል ስም ነው። ሳይነስ የሌለው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሕመም የሚሆነው የክፍሉ ግድግዳ ሲቆጣ ወይም ፈሳሹ የሚወርድበት ቀዳዳ ሲደፈን ነው። ፋይብረስ ዲስፕሌዥያም ይህን ባዶ ክፍል ከግድግዳው በኩል እየሞላ ያጠበዋል፤ አንዳንዴም ፈጽሞ ይደፍነዋል። በዚህም ምክንያት በሽተኛው የአፍንጫ መታፈን፣ የማሽተት መቀነስ፣ ተመላላሽ ራስ ምታትና በአንድ ወገን ብቻ የሚወርድ ንፍጥ ሊኖረው ይችላል። መውጫ ያጣው ፈሳሽ ተጠራቅሞ ከረጢት የሚሠራበትና ዓይንን ከጉድጓዱ ወደ ውጭ የሚገፋበት ጊዜም አለ። በመሆኑም ለዓመታት «ሳይነስ ነው» እየተባለ የአንቲባዮቲክ ክኒን ሲወስድ የቆየና እፎይታ ያላገኘ ሰው፣ በተለይ ሕመሙ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ የአጥንቱ ምስል ሊነሳለት ይገባል።

የዓይኑን ጉዳይ በተመለከተ ሐኪሞች የነበራቸው አመለካከት ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ተለውጧል። ቀደም ሲል አጥንቱ የማየት ነርቭን ከብቦ ከታየ፣ በሽተኛው ጥሩ ቢያይም እንኳ፣ «ሳይታወር እናድነው» በሚል ነርቩ የሚያልፍበትን ቀዳዳ በቀዶ ሕክምና የማስፋት አሠራር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት ግን፣ የማየት ነርቫቸው በዚህ አጥንት ከተከበበባቸው ሕሙማን እጅግ የሚበዙት እይታቸው ጤናማ መሆኑን አሳየ። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ደግሞ ደህና የነበረውን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ከዚያ ወዲህ የተደረሰበት ስምምነት፣ ጥሩ የሚያይ ሰው ለመከላከል ተብሎ እንዳይቀደድና በምትኩ ዓይኑ በየጊዜው እንዲመረመር የሚል ነው። እይታው መቀነስ ከጀመረ ግን ወደ ቀዶ ሕክምና መግባት ግድ ይላል። በታመመው አጥንት ውስጥ ደም የቋጠረ ከረጢት በድንገት ሲፈጠርም ዓይን በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል፤ ይህ ሲሆን ለነገ የማይባል ድንገተኛ ሕመም ነው።

የፊት እብጠት ሁሉ ፋይብረስ ዲስፕሌዥያ እንዳልሆነም መታወቅ ይኖርበታል። የጥርስ መግል ያማል፣ ያተኩሳል፣ በቀናት ውስጥም ይጎላል። በወሎ ደጋማ ሥፍራዎች የተለመደው እንቅርት የሚወጣው በአንገት ላይ ሲሆን፣ ሲዋጥ አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል። በሕፃናት መንጋጋ ላይ በሳምንታት ውስጥ የሚያድግ እብጠት «በርኪት ሊምፎማ» የተባለው ካንሰር ሊሆን ስለሚችልና ይህም ፈጥኖ በመድኃኒት ከተያዘ የሚድን በመሆኑ አንድ ቀን እንኳ ሊዘገይ አይገባውም። ፋይብረስ ዲስፕሌዥያ የሚለካው በዓመታት ነው። ሲዳስሱት እንደ አጥንት ጠጣር ነው፤ ከቦታው አይነቃነቅም፤ በላዩ ያለው ቆዳም መልኩ ያልተለወጠ ጤነኛ ቆዳ ነው።

ይህ የቆዳው ጤነኝነት በደሴ ዙሪያ ላለው ኅብረተሰብ የተለየ ትርጉም አለው። ከደሴ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲታከሙበት የኖረ በመሆኑ፣ የፊት መለወጥ በአካባቢው አስተሳሰብ ከዚያ ሕመም ጋር ተያይዞ ቆይቷል። የቀድሞ ሐኪሞችም የፊት አጥንት መግዘፍን «የአንበሳ ፊት» ይሉት ነበር፤ የሥጋ ደዌውንም እንዲሁ። ሁለቱ ግን አይገናኙም። የሥጋ ደዌ የሚይዘው ቆዳንና የስሜት ነርቭን ሲሆን፣ ዋና ምልክቱ ስሜት ያጣ የቆዳ ምልክት ነው፤ በመድኃኒትም ይድናል። በሁለቱም ሕመሞች የተያዘ ሰው ከጎረቤቱ የሚርቅበት የጤና ምክንያት የለም።

ምርመራው የሚረጋገጠው በአብዛኛው በምስል ነው። ተራ የራጅ ምስል ጥርጣሬን ሊያስነሳ ይችላል፤ የተሟላ መረጃ የሚሰጠው ግን ሲቲ ስካን ነው። በምስሉ ላይ የታመመው ሥፍራ ብርሃን እንጂ መልክ እንደማያሳልፈው የመታጠቢያ ቤት መስታወት ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ይህ መልክ ለሰለጠነ ዓይን ብዙ ጊዜ በቂ ሲሆን፣ ሐኪሙ ከተጠራጠረ ከአጥንቱ ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ ይመረመራል። የራስ ቅሉ ወለል ሲሆን ግን ናሙና መውሰዱ ለደም መፍሰስ ስለሚያጋልጥ ያለ በቂ ምክንያት አይደረግም። የካልሲየም፣ የፎስፌት፣ የቫይታሚን ዲና የሆርሞን የደም ምርመራዎች፣ የመስማት ምርመራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም የመለየት አቅምን የሚጨምር የዓይን ምርመራ አብረው ይታዘዛሉ።

ከሐይቅ ወይም ከአምባሰል ወረዳ መቀመጫ ከውጫሌ የሚነሳ ቤተሰብ መንገዱን የሚጀምረው ከቀበሌው ጤና ኬላ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ፤ ጤና ጣቢያውም ወደ ሆስፒታል ያስተላልፋል። ሐይቅ ከደሴ የምትርቀው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ወደ ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። ሆስፒታሉ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት መሣሪያዎቹ ተዘርፈውና ተሰባብረው ሥራ አቋርጦ እንደነበር ይታወሳል፤ ከዚያ ወዲህ እየተጠገነ አገልግሎቱን ቀጥሏል። በዓይን ሕክምና የሚታወቀው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ከደሴ ብዙ የማይርቅ በመሆኑ፣ ለዓይን ምርመራው አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የግድ አይደለም።

የወጪው ነገር የተለየ ትኩረት ይሻል። ሐይቅ የምትገኝበት የተሁለደሬ ወረዳ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 የአገሪቱ ወረዳዎች አንዱ ነበር። ስለዚህ በአካባቢው የመድህን ደብተር ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ሁለት ነገሮች ግን አዘውትረው ይዘነጋሉ። አንደኛው፣ ደብተሩ የሚሠራው የሪፈር ሰንሰለቱ ሲጠበቅ ነው፤ ጤና ጣቢያውን ዘሎ በቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል የሄደ አባል ከኪሱ ለመክፈል ይገደዳል። ሁለተኛውና ለዚህ ሕመም ይበልጥ የሚያሰጋው፣ መድህኑ ለውበት ተብሎ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናን የማይሸፍን መሆኑ ነው። በሪፈር ወረቀቱ ላይ «የፊት ቅርጽ ለማስተካከል» ተብሎ የተጻፈለት ልጅና «የዓይን ነርቭ መጨቆን፣ የአፍንጫ መደፈን» ተብሎ የተጻፈለት ልጅ ሕመማቸው አንድ ሆኖ ሳለ የሚጠብቃቸው መልስ ሊለያይ ይችላል። ስለሆነም ላኪው ባለሙያ ያየውን የእይታ፣ የመተንፈስና የመስማት ችግር በዝርዝር መጻፉ ተራ የወረቀት ሥራ አይደለም። ቤተሰቡም ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ተቀባዩ ሆስፒታል ከወረዳው መድህን ጋር ውል ያለው መሆኑን ጠይቆ መረዳት ይኖርበታል።

ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው አዲስ አበባ፣ የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥበት የየካቲት 12 ሆስፒታል እንዲሁም የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይህን መሰል ሕሙማን ይቀበላሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተጀመረው የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና፣ የራስ ቅልን ከፍቶ የዓይን ነርቭን የሚያላቅቅ ሐኪም በአገር ውስጥ እንዲገኝ አስችሏል። ከዚያ በፊት ለእንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 በሐረር የተጀመረው «ፕሮጀክት ሐረር» የተባለው ግብረ ሰናይ ድርጅትም ፊታቸው ላይ ጉዳት የደረሰባቸውን የገጠር ነዋሪዎች ፈልጎ እያመጣ በአዲስ አበባ ሲያሳክም ቆይቷል።

ሕክምናው ለሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። አብዛኛው የራስ ቅል ጉዳት የሚጀምረው ገና ከአምስት ዓመት ዕድሜ በፊት ሲሆን፣ በልጅነት ካደገ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከጉርምስና ማብቂያ ጀምሮ እየቀዘቀዘ ይመጣል። በዚህ ምክንያት ሐኪሞች፣ ዓይን ወይም መተንፈሻ ካልተነካ በስተቀር፣ የልጁ እድገት እስኪያበቃ መጠበቅን ይመርጣሉ። አንዱ የቀዶ ሕክምና ዓይነት የገነነውን አጥንት አናጢ እንጨት እንደሚልግ እየላጉ ወደ ቅርጹ መመለስ ነው፤ ቀላል ቢሆንም በተለይ በልጆች ላይ አጥንቱ ተመልሶ ማደጉ የተለመደ ነው። ሌላው የታመመውን ክፍል አውጥቶ በሌላ አጥንት መተካት ሲሆን፣ ከባድና ብዙ ደም የሚፈስበት በመሆኑ የደም ዝግጅት ይጠይቃል። የተደፈነ ሳይነስን በአፍንጫ በኩል በሚገባ ቀጭን መሣሪያ መክፈትም ይቻላል። ለአጥንት ሕመሙ የቢስፎስፎኔት መድኃኒቶች እፎይታ ሊሰጡ ይችላሉ፤ እብጠቱን ያጠፋሉ ተብለው ግን አይታዘዙም። ዴኖሱማብ የተባለው መድኃኒት በቅርብ ዓመታት በተደረጉ ጥናቶች ተስፋ ቢያሳይም፣ ሲቋረጥ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም በአደገኛ ሁኔታ ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ያለ ቅርብ ክትትል የሚሰጥ አይደለም። የጨረር ሕክምና ደግሞ ፈጽሞ አይመከርም። ሕመሙ በራሱ ወደ ካንሰር የሚለወጥባቸው ሰዎች ከመቶ አንድ የማይሞሉ ሲሆኑ፣ ቀደም ባሉት ዘመናት በጨረር የታከሙት ላይ ግን ይህ አደጋ ከፍ ብሎ ታይቷል።

በአካባቢው ሕክምና ፍለጋ ጠበል መጠመቅም ሆነ ዱዓ ማስደረግ የቆየ ልማድ ነው፤ ከሆስፒታል ቀጠሮ ጋር የሚጋጭበት ምክንያትም የለም። መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚወጣ ምዕመን በማግስቱ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ዓይኑን ቢያስመረምር የሚነቅፈው አይኖርም። ጉዳት የሚያደርሰው እብጠቱን በብረት መተኮስ፣ መብጣት፣ ዋግምት መያዝ ወይም ያልታመመውን ጥርስ መንቀል ነው። በታመመው አጥንት ውስጥ የደም ሥሮች ስለሚበዙ ያለ ዝግጅት የተነካ እብጠት ደሙ በቀላሉ አይቆምም፤ ቁስሉም ወደ አጥንቱ ውስጥ ሊያመረቅዝ ይችላል።

በቀጠሮዎች መካከል ባሉት ወራት ቤተሰቡ በቤት ውስጥ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። በየስድስት ወሩ የልጁን ፊት በአንድ ዓይነት ርቀት፣ ከፊት ለፊትና ከጎን፣ በእጅ ስልክ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ በየዕለቱ አብሮት ለሚውል ዓይን የማይታየውን ለውጥ ያሳያል። በየሳምንቱ ደግሞ አንዱን ዓይን በመዳፍ ከድኖ በሌላው ቀይ የበርበሬ ዛላ እንዲያይ ማድረግ፣ ከዚያም ማለዋወጥ ይቻላል። የማየት ነርቭ ሲጨቆን ከብርሃን በፊት የሚደበዝዘው ብዙ ጊዜ የቀይ ቀለም ድምቀት በመሆኑ፣ ልጁ «በዚህኛው ዓይኔ በርበሬው ፈዘዘብኝ» ካለ ቀጠሮው እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም። የበርበሬው ሙከራ የሐኪሙን ምርመራ አይተካም፤ ልጁ ደህና አየሁ ቢልም ቀጠሮው አይቀርም። የሲቲ ስካኑ ፊልምና ሲዲም፣ ሆስፒታሉ ውጤቱን አየሁ ቢልም፣ ለቤተሰቡ ሊሰጥ ይገባዋል፤ ከዓመታት በኋላ አጥንቱ አደገ ወይስ ባለበት ቆመ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው የመጀመሪያውን ምስል ከአዲሱ ጎን በማስቀመጥ ነውና፣ ከጭስና ከፀሐይ ርቆ በፌስታል ተጠቅልሎ በሳጥን ውስጥ መቀመጥና በእያንዳንዱ ቀጠሮ አብሮ መሄድ አለበት።